ተያዥሽ ማን ነው?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ሒሳብ አያያዝ አጭር ገለጻ እንዳደርግ ነበር። ወረቀቴንም ጨርሼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልናወጣው ያሰብነው የቅጥር ማስታወቂያ ረቂቅ እጄ ገባ። አንብቤ ስጨርስ ያዘጋጀሁትን ወረቀት አስቀመጥኩና ይህንን ጻፍኩ። ሒሳቡን አልተውኩትም፤ ኋላ እመጣበታለሁ። ንግግር የለመድኩ ሰው አይደለሁም። ውሎዬ ከደረሰኝና ከካልኩሌተር ጋር ነው። ብንተባተብ ታገሡኝ።

በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ስቀበል ሃያ ዓመቴ ነበር። ያኔ ሥራ መፈለግ ማለት ለእኔ አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ ነበር። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጋዜጣውን ለመግዛት ገንዘብ ስለማይኖረን ለጥቂት ደቂቃ እንከራይና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን የማስታወቂያውን ገጽ እናገላብጣለን። ስልክ ቁጥሩን የምንጽፍበት ወረቀት ካጣን መዳፋችን ላይ እንጽፋለን። ከዚያ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዘን በአካል እንቀርባለን። «የማይመለስ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ነው። ለፎቶ ኮፒና ለታክሲ ያወጣሁት ገንዘብ አንድም ቀን አልተመለሰም።

ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ የንግድ ድርጅት ለጽሑፍ ፈተና ጠራኝ። ስሙን አልናገርም፤ እዚህ የመጣሁት ልከሰው አይደለም። አሥራ አንድ ሰዎች ተፈተንን። ፈተናው ባንክ ሪኮንሲሌሽን ነበር፣ ማለትም የባንኩን ወረቀትና የድርጅቱን መዝገብ ማስታረቅ። ጥቂት የደመወዝና የግብር ስሌትም ነበረው። በሳምንቱ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ አንደኛ ወጣሁ። ዝርዝሩን ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስለ ሒሳብ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ከዚያ መካከል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ «አግብተሻል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ልጅስ?» አሉኝ። ያኔ ልጄ ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር። አዎ፣ አንድ ሴት ልጅ አለችኝ አልኩ። «ማን ይዞልሽ ነው የምትሠሪው? ስትታመምስ?» አሉ። እናቴ ትይዝልኛለች አልኩ። «እናትሽ ሲታመሙስ?» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሳቄ ነው።

«እንደውልልሻለን» ብለው ሸኙኝ። ሳይደውሉ ሲቀሩ ራሴ ሄድኩ። አንዲት የቢሮው ጸሐፊ አዘነችልኝና ሦስተኛ የወጣውን ልጅ እንደቀጠሩ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ለእሱም እንዲያ ያለ ጥያቄ አቅርበውለት እንደሆነ ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ሰው ለወንድ ልጅ «ልጅህን ማን ይዞልህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል?

እዚህ የተቀመጥን ብዙዎቻችን የዚህ ታሪክ ሌላ ሌላ ዓይነት አለን። አንዷን ዕድሜዋ አልፏል ይሏታል። ሌላዋን ለእንግዳ ተቀባይነት ቁመናዋ አይሆንም ይሏታል። አንዷ እግሯን ስለምታነክስ ለተቀምጦ ሥራ እንኳ «ደረጃው ያስቸግርሻል» ተብላ ተመልሳለች። የሰፈሯ ስም፣ የአባቷ ስም፣ አማርኛዋ የሚያወጣው ድምፅ የመለሳት አለች። ይህን ሁሉ አልዘረዝርም፣ አንድ ቀን አይበቃንም። ከዚህ ይልቅ ከሌላው ወገን ያየሁትን ልንገራችሁ። ይህን ከዚህ በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ስንቀጥር እኔም ፈታኝ ሆኜ ተቀመጥኩ። የቃለ መጠይቅ ቅጽ ሰጡኝ። ዕውቀት ይህን ያህል፣ ልምድ ይህን ያህል፣ መጨረሻ ላይ «አቀራረብ» ከ10። ከገቡት መካከል አንዲት ልጅ በጣም ጎበዝ ነበረች። ፒችትሪን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ነጠላዋን ደርባ ገብታ ነበር፤ ስትነሣ ግን እርጉዝ መሆኗን አየሁ። ስድስት ወር ይሆናታል።

የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ አሰላሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በድምሩ 120 ቀን ነው። ሚስቱ ለወለደችለት ወንድ ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። የእናቲቱን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው። ደመወዟ 6,000 ብር ቢሆን አራት ወር ማለት 24,000 ብር ነው። በዚያ ላይ ሥራዋን ደርቤ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ጊዜውም የበጀት መዝጊያ ነው። ይህን ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አሰላሁና «አቀራረብ» በሚለው ሳጥን 2 ጻፍኩ።

ማንም አላዘዘኝም፤ አለቃዬ አልጠቀሰኝም። ልጄን ማን እንደሚይዝልኝ የተጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።

የቀጠርነው ወንድ ነበር። ጎበዝ ነው፤ እስካሁን እዚያው ነው። ስለዚህ ታሪኬ «ቅጣቴን አገኘሁ» የሚል መጨረሻ የለውም። መሥሪያ ቤቱ አልከሰረም። ልጅቱ የት እንደደረሰች አላውቅም። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው፦ ያደረግሁት ነገር የትም መዝገብ ላይ አይገኝም። ኦዲተር ቢመጣ ቅጹ ተሞልቷል፣ ፊርማው አለ፣ ድምሩ ትክክል ነው።

ለዚህ ነው የተገፋ ሰው ማስረጃ የሚያጣው። በአሜሪካ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን የሚያሳይበት መንገድ ብልህ ነው። ቺካጎና ቦስተን ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎች አዘጋጅተው ላኩ። የችሎታው ደረጃ ተመሳሳይ ሆኖ ስሙ ብቻ በዕጣ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ላይ የነጭ የሚመስል፣ በሌላው ላይ የጥቁር የሚመስል ስም ተጻፈ። የነጭ የሚመስለው ስም 50 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ጥሪ አገኘ። ያንዱን አመልካች ወረቀት ብቻ ብታዩ ምንም አይታይም፤ ሁሉንም ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ነው የሚወጣው። ቺካጎ ወይም ቦስተን ለሚኖሩ ዘመዶቻችን የሆነ ነገር ነው። እዚህ ለእኛ ደግሞ ስሙን በ«እርጉዝ»፣ በ«ልጅ አላት»፣ በ«ተያዥ የላትም» ተኩት።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች እኩልነት የቆመ ነው። ከላይ ያነሣሁት አዋጅ በአንቀጽ 87 ሴት በፆታዋ ምክንያት በማንኛውም ረገድ ልዩነት እንዳይደረግባት ይከለክላል። ሌላም ይላል፦ ለቅጥር፣ ለዕድገት ወይም ለሌላ ጥቅም ስትወዳደር ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል። የአካል ጉዳት ያለባቸውን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን «እኩል ውጤት» የሚለው ቃል ላይ ሁሌ እቆማለሁ። እኩል ውጤት እንዳይመጣ የሚያደርገው ያ የ«አቀራረብ» ሳጥን ነው። 2 የጻፍኩት እኩል እንዳትሆን ነበር።

አሁን ወደ ተያዥ ልምጣ። ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው።

ያ የንግድ ድርጅት ከመለሰኝ ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ለገንዘብ ያዥነት አለፍኩ። ይኸኛው ስለ ልጄ አልጠየቀኝም። ደብዳቤ ሁሉ ተጻፈልኝ። ደብዳቤው ሥር ግን «ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ፣ የደመወዝ መጠኑን ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ ተያዥ በአሥር ቀን ውስጥ ማቅረብ» የሚል አለ። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። አባቴ የለም። ጎረቤቶቻችን ጉሊት የሚቸረችሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ ጥበቃ የሚሠሩ ናቸው። ሁሉም ቢሰበሰቡ አንድ የደመወዝ ደብዳቤ አይወጣቸውም። ለእናቴ ታማኝነት ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል፣ የዕድር ገንዘብ እንኳ እሷ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። ያ ግን ማኅተም የለውም።

ደመወዝተኛ ዘመድ የነበረኝ አንድ አጎቴ ብቻ ነው። ሄድኩ። ቡና ተፈላ፤ ሦስተኛው እስኪደርስ አልተናገርኩም። በመጨረሻ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ አንቺን አምናለሁ። ቤቱን ነው የማላምነው። ነገ ገንዘቡን ሌላ ሰው ቢወስደው የሚፈርመው ማን ነው? አንቺ ነሽ። የሚከፍለው ማን ነው? እኔ ነኝ። አምስት ልጅ አለኝ» አሉኝ። ያን ቀን ተቀይሜያቸው ወጣሁ። ዛሬ ግን በሙያዬ ዓይን ሳየው አጎቴ ትክክል ነበሩ። የተጠየቁት መጠን የሌለው፣ መጨረሻ የሌለው ዕዳ ላይ እንዲፈርሙ ነበር። አሥረኛው ቀን አለፈ፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ስለዚህ ተያዥ የሚመዝነው ምንድን ነው? ቁጥር መደመር መቻሌን አይደለም። ሌባ አለመሆኔንም አይደለም፤ ሌባም ደመወዝተኛ አጎት ሊኖረው ይችላል። የሚመዝነው ከማን እንደተወለድኩ ነው። ከገጠር ብቻዋን የመጣች፣ ወላጆቿን ያጣች፣ ከባሏ ቤት ሸሽታ የወጣች፣ ከአረብ አገር ተመልሳ ዘመድ የራቃት፣ እነዚህ ሁሉ በሩ ላይ ይቀራሉ። እነዚህ ደግሞ የማኅበራችን አባላት ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ «እቁብም እኮ ዋስ ይጠይቃል» ትሉኛላችሁ። ትክክል ነው፤ ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው ላይም ይህ ተነሥቷል። ግን ልዩነቱን እዩት። እቁብ ውስጥ ዋሱ ዕዳው ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ቀሪው ጣል ተቆጥሮ የታወቀ ነው። መቼ እንደሚያልቅም ያውቃል። በየሳምንቱ ሲሰበሰቡ ዕዳው ሲቀንስ ያያል። የመሥሪያ ቤት ተያዥ ግን ሠራተኛዋ እስክትለቅ ድረስ ታስሮ ይቀመጣል፤ የመዝገቡን ቁልፍ አያየው፣ ካዝናውን አያየው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን መግለጽ አለበት ይላል፤ ካልገለጸ ዋጋ የለውም። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ ያለ መጠን የተጻፉት ስንት የተያዥ ወረቀቶች ናቸው? ሴቲቱን ከበር የመለሰው ወረቀት፣ ገንዘቡ በእርግጥ የጠፋ ቀን ፍርድ ቤት ሊወድቅ የሚችል ወረቀት ነው። ተያዥ ሆናችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ቤት ገብታችሁ ወረቀቱን አንብቡት። የሕግ ባለሙያም አሳዩት።

ወደ ራሳችን ማስታወቂያ ልምጣ። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «የሥራው መደብ፦ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሠራተኛ። ብዛት፦ 1። ዕድሜ፦ ከ35 ያልበለጠ። የትምህርት ደረጃ፦ ዲፕሎማና ከዚያ በላይ። ልምድ፦ 2 ዓመት። በቂ ተያዥ ማቅረብ የምትችል።» ኮሚቴውን አልወቅስም። ከሌላ ማስታወቂያ ላይ እንደተገለበጠ አውቃለሁ፤ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው። ይህ ማኅበር ሲመሠረት ግን እዚህ የተቀመጡት እናቶቻችን መካከል በዚህ ማስታወቂያ ሊያመለክቱ የሚችሉት ስንት ነበሩ?

ሒሳቡ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ሰው መሆን የለበትም። ይህ በሙያችን የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ገንዘብ የሚቀበለው እጅ መዝገብ የሚጽፈው እጅ ከሆነ የጠፋ ነገር ቢኖር ማንም አያውቅም። ታማኝ ሰው እንኳ ሲሳሳት የሚያርመው የለም። እኛ አንዲት ልጅ ላይ ሁለቱንም ሥራ አሸክመን፣ ስለምንፈራ ተያዥ አምጪ እንላታለን። የራሳችንን የአሠራር ቀዳዳ በእሷ አጎት ደመወዝ ልንደፍን ነው።

ገንዘብ በተያዥ አይጠበቅም። የምናስቀምጠው ደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን። የቀኑ ገቢ በቀኑ፣ ካልሆነ በማግሥቱ ጠዋት ባንክ ይግባ። ካዝና ውስጥ የሚያድረው ገንዘብ ጣሪያ ይበጅለት። ቼክ በሁለት ፊርማ ብቻ ይውጣ። በየወሩ የባንኩ ወረቀትና መዝገባችን ይታረቅ፤ የሚያስታርቀው ገንዘብ ያልነካ ሰው ይሁን። በተረፈ በወር አንድ ቀን፣ ቀኑ ሳይነገር፣ ሁለት አባላት ሄደው ካዝናውን ይቁጠሩ። እንዲህ ካደረግን ሊጠፋ የሚችለው ትልቁ ገንዘብ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ገቢ ነው። ያ ደግሞ መጠኑ የታወቀ ነው።

ለዚያ መጠን ዋስ ያስፈልጋል ከተባለ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መድን ነው። የታማኝነት ዋስትና የሚባል የመድን ዓይነት በአገራችን የመድን ድርጅቶች ይሸጣል፤ ዓረቦኑን የሚከፍለው አሠሪው ነው እንጂ የልጅቱ አጎት አይደለም። ሁለተኛው የራሳችን መንገድ ነው፦ አምስት አባላት በጋራ፣ ከፍተኛው መጠን በቁጥር ተጽፎ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ዋስ እንሁናት። በብድር ቡድኖቻችን ውስጥ ይህንኑ ስናደርግ ኖረናል። መዝገቡን የምናየው እኛ፣ ካዝናውን የምንቆጥረው እኛ፣ ዋሱም እኛ።

መዝገብ የመጻፉን ሥራ በተመለከተ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ እየመጣሁ እኔ እጽፋለሁ። ያለ ክፍያ ነው። ይህን ስል ባለቤቴ አልሰማም፤ ማታ እነግረዋለሁ።

ዕድሜው ይሰረዝ። ስለ ልምዱ ግን ራሴም አልወሰንኩም። ልምድ ችሎታ ነው፣ ያለ አግባብ የተጠየቀ አይደለም። ሆኖም የዕድር መዝገብ ስድስት ዓመት የያዘች ሴት «ልምድ» አላት ወይስ የላትም? እኔ አላት እላለሁ። ተወያዩበት። ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ አስቀድመን እንጻፍ፤ ትዳርና ልጅ እዚያ ውስጥ አይግቡ። «አቀራረብ» የሚል ሳጥን ከኖረም ምን ማለት እንደሆነ ከጎኑ ይጻፍ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። ለምትሰጡን ሁሉ እናመሰግናለን። ነገር ግን በአንዳንድ የፕሮጀክት ቅጾች ላይ ሒሳቡን የሚይዘው ሰው ዲግሪ እንዲኖረው ትጠይቃላችሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት የላክንላችሁን ሪፖርት የሠራሁት በዲፕሎማዬ ነው፤ አንዱም ተመልሶ አልመጣም። ከቻላችሁ ያን መስመር ተመልከቱት። የመድኑን ዓረቦን በበጀቱ ውስጥ እንድናስገባ ብትፈቅዱልን ደግሞ አንድ ሠራተኛ መቅጠር ብቻ ሳይሆን አጎት የሌላትን መቅጠር እንችላለን።

ያችን እርጉዝ ልጅ በመንገድ ባገኛት ምን እንደምላት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ቃል አላገኘሁም። ቅጹ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ነው።

የተስተካከለውን ረቂቅ በእጄ ጽፌ አሥር ኮፒ አድርጌያለሁ፤ ከጠረጴዛው ላይ ነው። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶቻችን አጠገባቸው ያላችሁ አንብቡላቸው። ከሻይ በኋላ ሰብሳቢያችን ለድምፅ ያቀርቡታል። የማትስማሙበት መስመር ካለ ስሜን ሳትፈሩ ሰርዙበት፤ እስክሪብቶም አምጥቻለሁ።